እየተራመደ ጊታር የተማረው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ ኤኮፎ ከመርከብ ሥራው የወረደ ዕለት ይዞት የመጣው አንድ የልብስ ከረጢት፣ አንድ እየተንኮሻኮሸ የሚያወራ ሬዲዮ እና ሦስት ክር ብቻ የቀረው ጊታር ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ከኪንሻሳ ምባንዳካ፣ ከምባንዳካ ኪሳንጋኒ መርከብ ሲነዳ ኖሮ፣ አንድ ቀን የዓይን ሐኪም «የግራ ዓይንህ ከጎን ያለውን አያይም፤ የጠፋው ደግሞ አይመለስም» አለው። የመርከቡ ባለቤት በዚያው ሳምንት መሪውን ለሌላ ሰው ሰጠ። እኔም ኪንሻሳ፣ ኪንጋብዋ ሰፈር ባለው ግቢዬ፣ ልብስ ከምሰፋበት ክፍል አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል ጠርጌ አስገባሁት።

«ጊታሩን ደግሞ ከየት አመጣኸው፣ ያያ?» አልኩት። ታላቄ ስለሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ያያ ነው የምለው።

«ሊሳላ ወደብ ላይ የወረደ መንገደኛ ረስቶት ነው። ስድስት ዓመት መሪ ክፍሌ ውስጥ ተሰቅሎ ባለቤቱን ጠበቀ። ለማን ጥዬው ልምጣ?»

«ትጫወታለህ እንዴ?»

«መርከብ እየነዳሁ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ሲስቅ አላየሁትም።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት እንዳለፍናቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ሰውየው አይቀመጥም። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ከግቢው በር እስከ ማንጎው ዛፍ፣ ከማንጎው ዛፍ እስከ በሩ ይመላለሳል። ምሳ ሳቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይነሳል። የስፌት መኪናዬን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ በሩ አዛወረው፤ «እዚህ ብርሃን ይሻልሻል» ይላል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ብርሃን ያገኛል። ወደቡ ከእኛ ግቢ ሩቅ አይደለምና የመርከብ ጡሩምባ በተሰማ ቁጥር ስሙን እንደጠሩት ሁሉ ብድግ ይላል።

«ይሄ የነቦፋንዶ መርከብ ነው። ሞተሩ ታሟል፤ ስሚው፣ ያስለዋል።»

«አልሰማሁም።»

«እንዴት አትሰሚም? ጆሮሽ ውስጥ ክር ሞልተሽበታል?»

ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራዩት ፓፓ ቺያማላ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። እሳቸው ዝምታና የቀትር እንቅልፍ ይወዳሉ። አንድ ቀን የምሰፋበት ክፍል በር ላይ ቆመው፣ «ማማ ምቦዮ፣ ወንድምሽ ይሄን ግቢ በእግሩ የሚለካው ሊገዛው አስቦ ነው?» አሉኝ።

«ይለካ ተዉት። ውጤቱን እርስዎ ያርሙለታል።»

«እያረምኩ ነው እንጂ። ዛሬ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ጊዜ ተመላልሷል።»

እኔም መቁጠር ብጀምር ኖሮ አብድ ነበር። ሌሊት አልጋው ሲንቋቋ እየሰማሁ፣ ይሄ ሰው አንድ ቀን ልብሱን ሳይለብስ ወደ ወንዙ ይሮጣል ብዬ እሰጋለሁ።

ሉዞሎን ያመጣት እንግዲህ የመዘምራን ልብስ ነው። ሉዞሎ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ እሁድ እሁድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን መሃል ጊታር ትጫወታለች። ሴት ልጅ ጊታር ይዛ ስትቆም አፉን የሚከፍት ሰው አይጠፋም፤ እሷ ግን ልምዷ ስለሆነ ዞር ብላም አታይም። የዚያን ቀን ልብሷን ልትለካ መጥታ፣ እጆቿን እንደዘረጋች፣ ወገቧ ላይ መርፌ እየሰካሁ ሳለ፣ ጊታሩን ግድግዳው ጥግ አየችው።

«ይሄን ማን ነው እንዲህ የበደለው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኤኮፎ ከደጅ። «ግን መናገር የማይችል ነገር ቅሬታ የለውም።»

«መናገር ይችላል፣ ፓፓ። ምላሱን ነው የቆረጡበት።»

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ስድስት አዲስ ክር ይዛ መጣች። ቃኘችው። ከዚያ አንድ የቆየ የጭፈራ ዜማ፣ አውራ ጣቷ ከታች እየረገጠ ሌሎቹ ጣቶቿ ከላይ እየተንጫጩ ተጫወተችልን። ወንድሜ ጣቶቿን የሚያየው ከፊቱ አዲስ ደለል ያለ ይመስል ዓይኑን ሳይነቅል ነው። ስትጨርስ፣ «ይሄ ስንት ቀን ይፈጃል?» አላት።

«የቱ?»

«ይሄን መቻል።»

ሳቀችበት፤ ክሮች በአንድነት የሚመቱባቸውን ሁለት ኮርዶችና የዜማውን መግቢያ አሳየችው፤ ሳምንት እመለሳለሁ ብላ ሄደች።

ጉዱ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜ ከንጋት ጀምሮ በርጩማ ላይ ተጎንብሶ ይመታል፤ ምሳ አይበላም፤ ማታ መብራት ሲጠፋም በጨለማ ይመታል። ሲሳሳት ደግሞ አይቀጥልም። ምላሱን ቀጭ ያደርግና ከመጀመሪያው ይነሳል። እንደገና ይሳሳታል፤ ቀጭ፤ ከመጀመሪያው። የዜማውን መግቢያ ግቢው በሙሉ በቃሉ ያዘው፤ መካከሉን ግን የሰማው ሰው የለም። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች መግቢያውን አብረውት እያንጎራጎሩ እሱ የሚሰናከልባት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሁሉም በአንድነት ቀጭ ያደርጉ ጀመር።

በስድስተኛው ቀን ፓፓ ቺያማላ ከእንቅልፋቸው ተነስተው መጡ፤ አንዱ እግራቸው ላይ ብቻ ጫማ ነበረ።

«ፓፓ ኤኮፎ፣ ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። ልጅ የተባለ ፍጡር ሊያወጣ የሚችለውን ድምፅ ሁሉ ሰምቻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ይሄ ዘፈን መጨረሻ አለው?»

«አለው።»

«ታዲያ ለምን ከዚያ አትጀምርም?»

በሰባተኛው ቀን የግራ እጁ ጣቶች ውኃ ቋጥረው፣ ፈንድተው፣ እንደገና ቋጥረው ነበር። ጊታሩን አልጋው ሥር ወርውሮ ወጣና ከበሩ እስከ ማንጎው መመላለሱን ቀጠለ። አሁን ደግሞ እጁን እያራገበ ነው።

ሉዞሎ ስትመጣ ጣቶቹን አየች። መድኃኒት ቤት የምትሠራ ልጅ ስለሆነች መጀመሪያ አጠበችና በፋሻ አሰረችለት፤ ከዚያ ተቆጣች።

«በቀን ስንት ሰዓት ተጫወቱ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«ማን አለዎት?»

«ማንም ሊለኝ አይገባም። ሥራ ማለት እንደዚያ ነው።»

«ሥራ ነው ያልኩት እኔ? ከዛሬ ጀምሮ ሩብ ሰዓት ብቻ። አምስት ደቂቃ ኮርድ መቀያየር፣ አምስት ደቂቃ አውራ ጣት ብቻ፣ አምስት ደቂቃ መግቢያው። ከዚያ ይሰቅሉታል።»

«ሩብ ሰዓት? በሩብ ሰዓት አንዲት ደሴት እንኳ አላልፍም!»

«ደሴት የለም እዚህ። ጊታር ነው።»

ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ሦስት ቀን ታዘዘላት። ሰዓቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በርጩማው ላይ ይቀመጣል፤ ግራ እግሩ የስፌት መኪናዬን ፔዳል እንደሚረግጥ እግር ይርገበገባል፤ ዓይኑ ከሰዓቱ አይነቀልም። ቀኑን ሙሉ ሲመታ የነበረውን ሰው ሩብ ሰዓት አልገፋ አለችው። በአራተኛው ቀን በሰባት ደቂቃ አቋርጦ ተነሳ፤ በአምስተኛው ቀን አልነካውም። ምን ሆንክ ብለው፣ «የወህኒ ምሳ ይመስላል፤ በሰዓት ይሰጡሃል፣ በሰዓት ይነጥቁሃል» አለኝ።

ቅዳሜ ሉዞሎ ስትመጣ ነገርኳት። እንደገና ትቆጣዋለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። በርጩማው ላይ ራሷ ተቀመጠችና አገጯን ጊታሩ ላይ አስደገፈች።

«እኔን ያስተማረኝ አባቴ ነው» አለች። «እራት የሚበላው ሳይሳሳት የተጫወተ ነበር። ወንድሞቼ ተዉት፤ እኔ አልተውኩም፤ ግን አሥራ ስምንት ዓመት የሞላኝ ቀን ጊታሩን ሰቅዬ አራት ዓመት ሳልነካው ኖርኩ። አሁን ደግሞ እኔ በሰዓት አስሬ አስቀመጥኩዎት።» ቀና ብላ እግሩን አየችው፤ ቆሞ እያዳመጣት እንኳ እግሩ አላረፈም። «ፓፓ ኤኮፎ፣ መርከብ የሚነዱት ተቀምጠው ነበር?»

«ተቀምጬ? ወንበር አለ፤ የሚቀመጥበት ግን ሰነፍ ነው። ቆሜ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ለምን ይቀመጣሉ?»

እኔ ከአንድ ደንበኛ ልብስ የተረፈ አበባማ ጨርቅ አነባብሬ ወፍራም ማንጠልጠያ ሰፋሁለት። ሉዞሎ ትከሻው ላይ አስተካክላ አጠለቀችለት፤ ገፋ አድርጋው፣ «ይሂዱ» አለችው።

«የት?»

«በየቀኑ የሚሄዱበት። እግርዎ መሬት በረገጠ ቁጥር አውራ ጣትዎ ወፍራሙን ክር ይምታ። ሌላ ምንም አይምቱ።»

ከበሩ ወደ ማንጎው ሄደ፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ተመለሰ፤ ዱም፣ ዱም። የሚያጥቡት ሴቶች ሳቁ፤ አንዷ፣ «ፓፓ፣ ሰርግ ነው ወይስ ለቅሶ የምትሄደው?» አለችው። እሱ አልሰማትም። በአምስተኛው ምልልስ ሌባ ጣቱ ሳይታዘዝ ከላይ አንዲት ክር ነካች። እግሩን አልገታም። ፊቱን አየሁት፤ ጥሎት ከመጣው ወንዝ የተላከ ደብዳቤ የደረሰው ይመስል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቀኑን እሱና እሷ ተነጋግረው እንደገና አቆራረጡት። በየትኛው ሰዓት ምን ደስ እንደሚለው ጠየቀችው። ጠዋት ጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሳ፣ ሰው ሳያወራ ሞተሩን ብቻ ማዳመጥ እወድ ነበር አላት። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ማንጎው ሥር ቆሞ አንዷን ክር ነክቶ ድምፁ እስኪያልቅ ያዳምጣል፤ ከዚያ ሌላዋን፤ ይኸው ነው፤ ለቁርስ ሚካቴ የሚባለውን የሊጥ ኳስ በዘይት ጠብሼ እስካወጣ ድረስ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሴቶቹ ልብስ ሲያሰጡ፣ የመራመጃው ጊዜ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፓፓ ቺያማላ ከእንቅልፍ ሲነሱ፣ አዲሱን ኮርድ ይታገላል። ሦስቱም አጫጭር ናቸው። ሉዞሎ ያዘዘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «በእያንዳንዱ ውስጥ የሚያስጠላዎትን መሃል ላይ ያድርጉት፤ የሚወዱትን መጨረሻ። ገና ሳይጠግቡ ያቁሙ።»

ሁለት ወር በዚህ ሄደ። ጡሩምባ ሲሰማ አሁንም ይነሳል፤ አሁንም ሌሊት አልጋው ይንቋቋል። ግን አራት ሰዓት እስኪደርስ የሚቸኩልበት ነገር አገኘ። ስህተቱን ብቻ መተው አልቻለም፤ ሲሳሳት አሁንም እግሩን ገትቶ ቀጭ ያደርጋል፤ ወደ በሩ ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሳል።

ከዚያ ቦምፖንጎ መጣ። የቀድሞው መርከቡ ባለቤት የላከው ሰው ነው፤ ላብ አጥምቆታል።

«ያያ ኤኮፎ፣ ነጂው በወባ ወድቋል። መርከቡ ተጭኖ አልቋል፤ ዓሣና ካሳቫ ነው፣ አይጠብቅም። እስከ ምባንዳካ ብቻ ውሰድልን። ስለ ዓይንህ የሚጠይቅ የለም።»

«የሚጠይቅ የለም?»

«ማን ይጠይቃል? አንተ ወንዙን ጨፍነህ ታውቀዋለህ።»

ወንድሜ ፊቱ በራ። እኔ መቀሴን ጥዬ ወጣሁና በግራው በኩል ቆሜ እጄን አነሳሁ። «ስንት ጣት ነው?»

አንገቱን አዞረ። «ሦስት።»

«ዞረህ አትይ!»

«ወንዝ ላይ ደግሞ አትዙር የሚለኝ ማን አለ?»

«ያያ፣ እባክህ። ሰው ትገድላለህ።»

«አንቺ ልብስ ስፊ» አለኝ። በሕይወቱ እንደዚያ ተናግሮኝ አያውቅም። ከረጢቱን ይዞ ወጣ፤ ጊታሩ ግድግዳው ላይ ቀረ።

መርከብ መቼም በተባለው ቀን አይወጣም፤ አንድ ቀን ሙሉ ወደቡ ላይ ቆየ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ክዋንጋ የሚባለውን የካሳቫ ዳቦና የተጠበሰ ዓሣ በቅጠል ጠቅልዬ ሄድኩ። ምግቡ ሰበብ ነው፤ የሄድኩት ላስቀረው ነው። ደርሼ ስጣራ ሞተሩ ተነስቶ ገመዱ እየተፈታ ነበር። ከመሪ ክፍሉ መስኮት እጁን አውለበለበልኝ፤ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎታል። ግዙፉ መርከብ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ወጣ፤ አፍንጫውን ወደ ወንዙ አዞረ። ሰው፣ ፍየል፣ ፍራሽ፣ ብስክሌት እላዩ ላይ ተከምሯል። እንደ ወትሮው ታንኳዎች ከበውት የሚሸጥ ነገር እያቀበሉ ነበር። በግራ በኩል አንዲት ሴት ብቻዋን የያዘቻት ታንኳ ከመርከቡ ጎን ጋር ነበረች።

ጮህኩ። በዳርቻው ላይ የነበረ ሁሉ ጮኸ። መርከቡ ወደ ግራ መታጠፉን ቀጠለ፤ ታንኳዋን ገፋት፣ አጋደላት፣ ገለበጣት። ሴትየዋ ጠፋች። የዓሣ ሳህኖቿ ብቻ በውኃው ላይ ይሽከረከሩ ነበር።

ሞተሩ ቆመ። ሁለት ሰዎች ዘለው ገቡ። ስንት ጊዜ እንደፈጀ አላውቅም፤ እጄ ውስጥ የያዝኩት ክዋንጋ ተጨፍልቆ ነበር። ከዚያ ሴትየዋ ራሷ፣ ማንም ሳይነካት፣ ከታንኳዋ ማዶ ብቅ አለች፤ ውኃ ተፋች፤ መጀመሪያ ያወጣችውም ቃል ስድብ ነበር። ዳር የነበርነው ሁሉ ሳቅንም አለቀስንም።

ወንድሜ ከመሪ ክፍሉ ወጥቶ አየሁት፤ እጆቹ ተንጠልጥለዋል። ቦምፖንጎ ከታች፣ «ደህና ናት! ቀጥል! ቀጥል!» እያለ ይጮህበታል። ኤኮፎ መሪውን ለረዳቱ አስረክቦ መሰላሉን ወርዶ ታንኳ ለምኖ ወደ ዳር መጣ። ቤት ድረስ ተከታትለን ተጓዝን።

በማግስቱ ሴትየዋን ፍለጋ ሄደ። ማማ ኢዬሊ ትባላለች። አብሬው ነበርኩ። ታንኳዋ ጎኗ ተሰንጥቃ ዳር ላይ ተገልብጣለች፤ እሷ እላይዋ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ታጸዳለች።

«አንተ ነህ?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«ቀረብ በል። እንድታየኝ በቀኝ ልቁምልህ ወይስ በግራ?»

አንገቱን ደፋ። «በቀኝ።»

«ለካ ታውቀዋለህ! እያወቅክ ነው መሪውን የያዝከው!»

«ታንኳዋን ልጠግን ነው የመጣሁት፣ ማማ። ይቅርታም—»

«ጠግን። ይቅርታህን ግን ለራስህ ያዘው። ዋና ባልችል ኖሮ ለማን ትለው ነበር?»

አራት ቀን ሄዶ ጠገነላት። አላመሰገነችውም፤ እሱም አልጠበቀም። አምስተኛው ቀን ላይ ቤት ቀረ፤ ተቀመጠ። መቀመጡ ነው ያስፈራኝ። በርጩማውን ግድግዳው ጥግ አድርጎ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጥሎ፣ ጠዋት እንዳስቀመጥኩት ማታ አገኘዋለሁ። ጡሩምባ ሲሰማ እንኳ ቀና አይልም። መመላለሱን እረግም የነበርኩ ሴት፣ ተነስተህ ግቢውን ልካ ብዬ ልለምነው ምንም አልቀረኝ። የበላው የካሳቫ ቅጠል ፖንዱ ይሁን ሌላ ወጥ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ፓፓ ቺያማላ በሳምንቱ በሩ ላይ ቆሙ። «ፓፓ ኤኮፎ፣ ጠብ አታስጀምረኝ። የደም ግፊት ክኒኔን የምውጠው በአንተ የአሥር ሰዓት ጩኸት ነበር። አሁን ሁለት ቀን ረሳሁ።»

«ሰዓት ይግዙ» አላቸው፤ ቀና ሳይል።

ሉዞሎ ቅዳሜ መጣች። የሆነውን ሁሉ ነግሬያት ነበር። አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ጊታሩን አላነሳችም።

«አልጫወትም» አላት ገና ሳትጠይቀው። «እጄ ያውቃል ብዬ ነበር። እጄማ ያውቅ ነበር፤ ዓይኔ ነው ያላወቀው። ከእንግዲህ በእጄ ምንም ነገር አላምንም።»

«ጊታሩን ሲጫወቱ ለምንድን ነው ሲሳሳቱ የሚያቆሙት?»

«ስለተሳሳትኩ ነዋ!»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ! ወንዝ ላይ አንዴ ከተሳሳትሽ ደለል ላይ ወጥተሽ ሃያ ቀን ትቀመጫለሽ። ወይ ሰው ታሰጥሚያለሽ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ስህተት ስጠብቅ ነው የኖርኩት፤ ለዚያ ነው እንቅልፍ የሌለኝ። ይኸው መጣች።»

ሉዞሎ ወደ ጊታሩ ጠቆመች። «ፓፓ ኤኮፎ፣ ጊታር ላይ እኮ ቢሳሳቱ ማንም አይሰጥምም።»

አያት። ቃሉን መጀመሪያ የሰማው አልመሰለኝም፤ ከዚያ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ፤ ሊያለቅስ ነው ብዬ መርፌዬን አስቀመጥኩ። ሳቀ። ሳቁ እንባ ይዞ ወጣ፤ ጉልበቱን እየመታ፣ «ማንም አይሰጥምም!» እያለ፣ ሴቶቹ ሳሙናቸውን እንደያዙ መጥተው እስኪያዩት ድረስ ሳቀ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በቀኑ ላይ አንድ ነገር ጨመሩበት። የአሥር ሰዓቱ ትግል ሲያልቅ፣ የመሳሳቻ ጊዜ አለ። ሆን ብሎ ይሳሳታል፤ ጣቱ የወደቀበትን ይመታል፤ የማይገጣጠሙ ክሮችን ያጋጫል፤ አንዳንዴ በድንገት ደስ የሚል ነገር ይወጣና መልሶ ሲፈልገው ይጠፋበታል። ሕጉ አንድ ነው፤ ወደ ኋላ አይመለስም። መጀመሪያ ቀን በላብ ነው የጨረሰው። ፊቱን ላየው ሰው የወንዙን በጣም አደገኛ ቦታ የሚያልፍ ይመስላል። ከአሥር ቀን በኋላ ግን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ግቢውን እየተራመደ ያችን ዜማ ሲመታ፣ ያችው የምታሰናክለው ቦታ ደረሰ፤ ተሳሳተ፤ ሴቶቹ ሁሉ ቀጭ ሊያደርጉ ምላሳቸውን አዘጋጅተዋል፤ እሱ ግን እግሩን ሳይገታ አለፈ። ሄደ። የማናውቀውን ነገር ይመታ ጀመር።

ፓፓ ቺያማላ ከጓሮ ጮሁ፦ «መካከል አለው ለካ!»

ለውጦታል ብዬ አልዋሽም። እግሩ አሁንም አይረጋም፤ የስፌት መኪናዬን ባለፈው ሳምንት እንኳ አንድ ክንድ አዛውሮብኛል። ዝናብ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ክፍሉ ውስጥ ሦስት እርምጃ ሄዶ ሦስት ይመለሳል፤ ጊታሩ በሩን እየገጨ። ሌሊት ላይ አንዳንዴ የማማ ኢዬሊን ሳህኖች በሕልሙ ያያል፤ ሲነግረኝ ድምፁ ይለወጣል። እሷም ወደብ ላይ ስታገኘው ገና ከሩቅ፣ «በቀኝህ ነኝ!» ብላ ትጮህበታለች፤ ይቅር ያለችው ይሁን አይሁን እስካሁን አላወቅንም። እሱ ግን ሁልጊዜ ዓሣ የሚገዛው ከእሷ ነው።

ባለፈው እሁድ ሉዞሎ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጥታ፣ በፋሲካ መዘምራኑ ሁለተኛ ጊታር እንደሚያስፈልጋቸው ነገረችው። አንድ መዝሙር ብቻ፤ ሁለት ኮርድ፤ ሁለቱንም ያውቃቸዋል።

«አልችልም» አለ። «ሦስት መቶ ሰው ፊት?»

«አራት መቶ ነው።»

«አልችልም አልኩሽ እኮ። እየተራመድኩ እንጂ አንድ ቦታ ቆሜ መጫወት አልችልም። እዚያ መሃል ወዲያ ወዲህ ልበል?»

«መዘምራኑን ትንሽ ገፋ እናደርጋቸዋለን።»

«ተይኝ ልጄ።»

ተወችው። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። ጊታሩ ትከሻው ላይ ነው።

«ምቦዮ፣ ተኝተሻል?»

«ነበርኩ።»

«ፋሲካ ስንት ቀን ቀረው?»

እኔ ሳልመልስ ከጓሮ የፓፓ ቺያማላ ድምፅ መጣ፤ ለካ እሳቸውም ነቅተው ነበር። «አርባ አንድ!»

ወንድሜ በጣቶቹ ቆጠረ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ትንሽ ነው» አለ፤ ተጨንቆ። ከዚያ ወደ ደጅ ዞሮ ክሮቹን አንድ በአንድ መቃኘት ጀመረ።